ዳይፐርና አምስት ሶላት

ዳይፐር ስመርጥ ከሁሉ በፊት ጆሮዬ አጠገብ አስጠግቼ አሸት አሸት አደርገዋለሁ። ላስቲኩ ከተንኮሻኮሸ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም። የሕፃን አይደለም የማወራው፤ የአዋቂ ነው፣ የራሴ ነው። አሁን አርባን ተሻግሬ ማፈሩ ሰልችቶኛል። መካነ ሰላም ኮሌጅ በገባሁ ጊዜ ግን ይህን ቃል ከአፌ ከማወጣ ጥርሴን ባወጣ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከበቅሎ በመውደቅ ነው። ያደግሁት ከላላ ገጠር ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ከገበያ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋ በርግጋ በጀርባዬ ድንጋይ ላይ ጣለችኝ። ወገቤ ዳነ፣ እግሬም ዳነ፤ ፊኛዬ ግን እንደ ወደቀ ቀረ። ደሴ ያየኝ ሐኪም ነርቭ ተጎድቷል፣ ከዚህ ጋር መኖር መልመድ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንቴ ሲመጣ አያስታውቀኝም። ስስቅ ይመጣል፣ ሳስነጥስ ይመጣል፣ ጀሪካን ሳነሳ ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቁጭ ባልኩበት ያለ ምንም ምክንያት ጠብ ጠብ ይላል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሥራ ብሎ አስነሳኝ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ቁጣዬ ከጥንትም ቅርብ ነው፤ ዳስተሩን አንስቼ ቀድሞ የሳቀውን ልጅ ግንባሩን አልኩት። ከዚያ ደብተሬን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ እግሬ ትምህርት ቤት አልረገጠም። ስመለስም ለእናቴ በግልጽ ነገርኳት፤ ሁለተኛ ሰው ካወቀብኝ ትምህርት የሚባል ነገር በቃኝ፣ እዚሁ ከበግ ጋር እኖራለሁ አልኳት። የዋዛ አልነበረም። ወላሂ አደርገው ነበር።

አባቴ ቁርአንና የሃይማኖት ኪታብ የሚያቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሼህ ናቸው። ከወረኢሉም ከሌላም የሚመጡ ደረሳዎች፣ ማለትም ተማሪዎቻቸው፣ ግቢያችን ውስጥ ጎጆ ቀልሰው ቁርአን ይቀሩ ነበር። እሳቸው ስለ በሽታዬ ከእኔ ጋር አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሁሉም ነገር በእናቴ በኩል ነበር። ጨርቁን የምትሰፋልኝ እሷ ናት፤ ከአሮጌ ጋቢ ትቆርጥና ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ታደርግበታለች። ታጥቦና ታጥፎ የማገኘው ጠዋት ከራስጌዬ ነው። የሶላቴንም ሥርዓት የነገረችኝ እሷ ነበረች፦ አባትህ እንዲህ ብሏል፣ የሶላት ወቅት ሲገባ ታጠብ፣ ንጹሕ ጨርቅ እሰር፣ እጅ እግርህን ለሶላት ታጥበህ ውዱእ አድርግ፣ ሳትዘገይ ስገድ፤ ከዚያ በኋላ ቢያመልጥህም ሶላትህ ሶላት ነው፤ ለቀጣዩ ሶላት ደግሞ እንደገና ታጠብ አለችኝ። በቀን አምስት ጊዜ ማለት ነው። እኔም በልቤ፣ አባቴ ቢጠየፉኝ ነው በሰው የሚልኩብኝ እል ነበር። ይህችን ነገር ይዤ ነው ያደግሁት።

አሥረኛን ስጨርስ መካነ ሰላም ቴክኒክና ሙያ ደረሰኝ፤ ልብስ ስፌት። ስትመረቁ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ እያሉ በየስብሰባው የሚነግሩን ዘመን ነው። ማደሪያ ስላልነበረ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። አንዱ ብየዳ የሚማር የወረኢሉ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ታላቃችን፣ ቁም ነገረኛ፣ ሲናገር መሬት የሚያይ። በያጁ እንለዋለን። ሁለተኛው መኪና ጥገና የሚማር ሳቂታ ነው፤ መካኒኩ። ሦስተኛው ቅየሳ የሚማር የኩታበር ክርስቲያን ነው፤ ፍራሹ ከፍራሼ ጎን የተነጠፈ። ቀያሹ ብዬ ልጥራው። እኔን ልብስ ሰፊው ይሉኛል።

የመጀመሪያው ችግር ጨርቅ ማስጣት ሆነ። ሴት ብትሆን አንድ ነገር ነው፤ ወንድ ልጅ ያን ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ገመድ ላይ ሲደረድር ምን ይባላል? አከራያችን ባል የሞተባቸው ደግ ክርስቲያን ሴትዮ ነበሩ፤ ገመዱን አይተው፣ እንዴት ያለኸው ንጹሕ ልጅ ነህ፣ ይህን ሁሉ መሀረብ ምን ታደርገዋለህ አሉኝ። ጉንፋን አይለቀኝም አልኩ። እሳቸው ደግሞ አዝነው በማግስቱ የጤና አዳም ሻይ አፍልተው አመጡልኝ። ሻዩን በጠጣሁ ቁጥር ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ከፍራሹ ሥር ማድረቅ ጀመርኩ። የመካነ ሰላም ብርድ ደግሞ ፀሐይ ላይ የተሰጣውንም በስንት ልመና ነው የሚያደርቀው፤ ፍራሽ ሥር ያለውማ መሽተት ጀመረ። መካኒኩ አይጥ ሞታለች ብሎ ክፍሉን ሲፈትሽ ዋለ። እኔም አብሬው ፈተሽኩ፣ ምን ላድርግ?

ያኔ ነው ዳይፐር ለመግዛት የቆረጥኩት። ከተማው ውስጥ የነበረው የሕፃን ብቻ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አንድ ሱቅ ገብቼ ትልቁን ቁጥር ስጡኝ አልኩ። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፣ ስንት ወሩ ነው አሉኝ። ዘጠኝ አልኩ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ዘጠኝ ወር ሆኖ ይህን ያህል ቁጥር? ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድግልህ፣ በወጣትነት መውለድ ጥሩ ነው ብለው መረቁኝ። አሚን ብዬ ወጣሁ። ሁለቱን በፕላስተር አገናኝቼ ለበስኩት፤ ኮሌጁ በር ላይ ስደርስ ፕላስተሩ ተላቀቀና አንደኛው በሱሪዬ እግር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። በጉልበቴ ቆንጥጬ እንደያዝኩት እያነከስኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ያ ነጋዴ ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር ልጁ ዳዴ አለ ወይ፣ ጥርስ አወጣ ወይ ይሉኝ ነበር። ስመረቅ ልጄ በሳቸው አቆጣጠር ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ደሴ ወረድኩ። አውቶቡሱ ገና ሲነጋጋ ተነስቶ በአቀስታ ከተማ አድርጎ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው፤ ያን ሁሉ መንገድ በማዳበሪያ ላስቲክ ላይ ተቀምጬ። መድኃኒት ቤቶቹን ከውጭ እያየሁ ሦስቱን አለፍኩ፣ ሰው ስለሞላባቸው። አራተኛው ውስጥ አንዲት ጎልማሳ ሴትዮ ብቻዋን ነበረች። የአዋቂ ዳይፐር አለ? ለአያቴ ነው አልኳት። ወገባቸው ምን ያህል ነው አለችኝ። ሳላስበው የራሴን ወገብ አየሁ። እንደ እኔ ቀጭን ናቸው አልኩ።

ሦስት ዓይነት አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። አንደኛው የሚያብለጨልጭ ላስቲክ የለበሰ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሲነካ የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ውስጥ የሚሄድ ከብት ያህል ይጮሃል። ሁለተኛው ላዩ ጨርቅ መሰል ነው፤ ድምፅ የለውም፣ የጎኑ መያዣ ተከፍቶ እንደገና ይለጠፋል፤ ዋጋው መካከለኛ ነው። ሦስተኛው እንደ ሙታንታ የሚጠለቅ፣ ልብስ ሥር ፈጽሞ የማይታወቅ፤ ነገር ግን የእሱ አንድ ፓኮ ከወር የቤት ኪራይ ድርሻዬ ይበልጣል፣ ደግሞም ሱሪ ካልወለቀ አይቀየርም። እኔ ሦስተኛውን በዓይኔ እየበላሁ አንደኛውን ልጠቁም ስል እሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አያትህ ኮሌጅ የሚውሉ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላቸዋል» አለችኝ።

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። እሷ ግን አላየሁም ብላ ቀጠለች። ቀኑን ሙሉ አንዱን ይልበሱ፣ በውስጡ ግን ቀጭን ጨርቅ ያድርጉበት፣ ጨርቁን ብቻ ይቀያይሩ፣ ገንዘባቸውን አይጨርሱ፤ ሱሪያቸው ጠቆር ያለና ሰፋ ያለ ይሁን፤ ውሃ መጠጣት ደግሞ እንዳይተዉ፣ ብዙ ሰው እየፈራ ይተውና ኩላሊቱን ይጎዳል አለችኝ። ከዚያ ፓኮዎቹን ከነስማቸው እንዳይታዩ የሻማ ካርቶን ውስጥ ከታ በገመድ አሰረችልኝ። ከዚያ በኋላ ደሴ መውረድ ሳያስፈልገኝ ብር በሰው ስልክላት፣ ካርቶኑን በአውቶቡስ ትጭንልኝ ነበር። አያትህ ደኅና ናቸው ወይ የምትል ብጣሽ ወረቀት ከውስጡ አይጠፋም። እኔም አልሐምዱሊላህ ደኅና ናቸው፣ ሁለተኛ ዓመት ገቡ ብዬ እመልሳለሁ። እንደ እሷ ያለ ሰው አላህ ያብዛ።

የውስጡን ጨርቅ ራሴ ሰፋሁት። ልብስ ሰፊ መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ከፎጣ ቁራጭ ሁለት ድርብ፣ ዳር ዳሩን ቀምቅሜ፣ ቶሎ የሚደርቅ፤ ለእያንዳንዱ ሶላት አንድ አንድ። በኮሌጁ የስፌት መኪና ላይ ስሰፋ መምህራችን ድንገት ከኋላዬ ቆሞ ይህ ምንድን ነው አለኝ። ትኩስ ድስት መያዣ ነው አልኩ። ገለባብጦ አየውና ስፌቱን አደነቀ። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ክፍሉን ሁሉ ሰብስቦ፣ ገበያ ያለው ሥራ ማለት እንዲህ ነው፣ ሁላችሁም በዚህ ልክ ሥሩ አለ። ሃያ ምናምን ሰው የእኔን ጨርቅ ሲሰፋ ዋለ። አንዷ ልጅ የሰፋችውን ለእናቷ ላከችላት።

እንዲህ አድርጌ አንደኛውን ዓመት ተሻገርኩ። ማንም አላወቀብኝም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሱሪዬን ሰፊ አድርጌ እሰፋለሁ፣ የሚጣለውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሽንት ቤት እከታለሁ፣ ሰው ሳይነቃ እነሳለሁ። ችግሩ የመጣው ካላሰብኩት በኩል ነው።

በያጁና መካኒኩ ከጎናችን ክፍል ካሉት ሁለት ልጆች ጋር የምሽቱን ሶላት መግሪብን ሁልጊዜ በጀመዓ አንድ ላይ ይሰግዱ ነበር። አሰጋጁ በያጁ ነው። እኔ ከኋላ ጥግ እቆማለሁ። አንድ ቀን የከላላ በቅሎ ነጋዴ መንገድ ላይ አገኘኝና እነሱ እየሰሙ እጄን ይዞ፣ የሼሁ ልጅ፣ አባትህ ደኅና ናቸው፣ የሳቸው ዱዓ አይለየን አለኝ። በቃ። ያን ማታ በያጁ ምንጣፉን አንጥፎ ሲያበቃ ወደ ኋላ ተመለሰና፣ የሼህ ልጅ እያለ እኔ ማሰገዴ ነውር ነው፣ ለምን ደበቅከን፣ እለፍ አለኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ። በማግስቱም ጉሮሮዬን አልኩ። ሳምንት ሙሉ የሚያም ጉሮሮ ደግሞ ምሳ ላይ አይጮህም፤ እኔ ምሳ ላይ እጮሃለሁ።

እምቢ ያልኩበትን ምክንያት ልናገር። ልጅ ሆኜ ከደረሳዎቹ ጎጆ ግድግዳ ጀርባ ተቀምጬ አባቴ ሲያቀሩ እሰማ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ደረሳ ኪታቡን ሲያነብ፣ ሽንቱ የማይቆምለት ሰው ጤነኛ ሰዎችን ማሰገድ አይችልም የሚል ሰማሁ። አባቴም በአማርኛ ፈቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ዐረፍተ ነገር አንጀቴ ውስጥ ተቀምጣለች። ታዲያ እንዴት ብዬ ልለፍ? ባልፍ የአራት ሰው ሶላት አበላሻለሁ። ባልፍም ባላልፍም ምክንያቱን መናገር አልችልም።

በያጁ ቀስ በቀስ ተቀየመ። እኛ አገር ቂም ሲጀምር የሚታወቀው በምግብ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ሳህን ስንበላ እጁን ቶሎ መሰብሰብ አመጣ፣ ከዚያ ጠግቤያለሁ ማለት፣ ከዚያ ለብቻው መብላት። መካኒኩም ሳቁን ቀነሰ። ጎረቤቶቹ የሼህ ልጅ ስለሆነ ንቆን ነው ማለታቸውን ሰማሁ። አንድ ቀን በያጁ አልችል አለና ፊት ለፊቴ ቆመ፤ እንደ ልማዱ መሬት አላየም፣ ዓይኔን ነው ያየው።

«አንተ እኔ ከኋላህ ለመቆም አልበቃም ብለህ ነው? ወይስ ሶላታችን ሶላት አይደለም?» አለኝ።

እውነቱን መናገር አቅቶኝ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ አፌ አይታመንም፤ እንደፈለግህ አስብ፣ የእኔ ሶላት የእኔ ጉዳይ ነው፣ ተወኝ ብዬ ጮህኩበት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ያደረገውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለዚያው ለበቅሎ ነጋዴ፣ ለሼሁ ንገርልን፣ ልጃቸው ከእኛ ጋር አንድ ላይ መስገድ ጠልቷል፣ አኩርፎናል፣ መጥተው ያስታርቁን ብሎ ልኮ ኖሯል። አባቴ ሲመጡ ይጠይቁኛል፤ እነሱ ፊት ምክንያቱ ይወጣል። ዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳው ፊት የቆምኩት እንደገና መጣብኝ። ልብሴን፣ መቀሴን፣ የቀረችኝን ካርቶን ጆንያ ውስጥ ከትቼ በገመድ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ቅዳሜ በሚወጣው መኪና ልሄድ ቆረጥኩ። ለመመረቅ አምስት ወር ቀርቶኛል፤ ቢቀር ይቅር አልኩ። ቀያሹ ጆንያውን አየ፣ እኔንም አየ።

መኪናው ቅዳሜ ሊወጣ፣ አባቴ አርብ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጭነት መኪና ላይ ጋቢና አግኝተው ነው የመጡት፤ ፂማቸው አቧራ ለብሷል። ሁለቱን ጎረቤቶችም አስጠርተው እናቴ የላከችውን ቆሎና ማር ለሁላችንም እኩል አካፍለው ሰጡን። ከዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡና፣ እስቲ ልስማችሁ አሉ። በያጁ አንገቱን ደፍቶ፣ አክብሮ፣ አንዲት ነገር ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። የጮህኩበትን እንኳ አለዘበልኝ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በሩን አያለሁ። አባቴ ሰምተው ሲያበቁ እኔን ምንም አልጠየቁኝም፤ ና እስቲ ወደ ውጭ አሉኝና ግቢው ጫፍ ያለው ድንጋይ ላይ ይዘውኝ ተቀመጡ።

«ለምን እምቢ አልክ?» አሉኝ።

«አባ፣ ያውቁ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ። ከአንተ አፍ ልስማው።»

ያቺን ከግድግዳ ጀርባ የሰማኋትን ዐረፍተ ነገር ነገርኳቸው። ስንት ዓመት አንጀቴ ውስጥ እንደቆየችም ነገርኳቸው። አባቴ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉና አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ለካ አባቴ ለደረሳዎቻቸው የሁለት መዝሀብ፣ ማለትም የሁለት የሃይማኖት ሕግ መንገድ ኪታብ ነው የሚያቀሩት። ጠዋት ጠዋት የሻፊዒያውን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሐነፊያዎቹ ልጆች የሐነፊያውን። እኔ የሰማሁት የከሰዓቱን ነው። በዚያኛው አይቻልም፤ በጠዋቱ ኪታብ ግን ይቻላል፣ ሶላቱም ሶላት ነው አሉኝ። የጠዋቱንስ እንዴት ሳትሰማ ቀረህ ብለው ጠየቁኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ነበርኩ አልኳቸው። ወይ ጉድ! እኛ ቤት ሁላችንም የምንሰግደው በሻፊዒያው ነው። አባቴን በሩቅ ከመስማት ቀርቤ አንዲት ቃል ብጠይቃቸው ኖሮ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር ነበር።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉኝ።

የተጠየፉኝ መስሎኝ ነው አልኩ። ሁሉን ነገር በእናቴ በኩል ሲልኩብኝ፣ ጨርቁን እሷ ስትሰፋ፣ እሷ ስታጥብ፣ እርስዎ ዞር ብለው ሲያልፉ እያልኩ ዘረዘርኩላቸው። አባቴ መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱ።

«የእናትህ እጅ ቁርጥማት አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ አይነካም፤ እንኳን የአንተን ጨርቅ የራሷንም ነጠላ አታጥብም» አሉኝ። «ማን የሚያጥበው ይመስልሃል?»

ከምንጩ ውሃ ራሳቸው ቀድተው፣ ቤቱ ሁሉ ለንጋቱ ሶላት ለሱብሒ ሳይነሳ፣ እኒህ የልብሳቸው ጫፍ ነጃሳ እንዳይነካው ሲጠነቀቁ የሚኖሩ ሰውዬ የእኔን ጨርቅ ሲያጥቡ፣ ሲያሰጡ፣ አጥፈው ከራስጌዬ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። እንዳላፍር ብለው ነው በእናቴ የሚልኩብኝ። እኔ ደግሞ የሚያፍሩብኝ እሳቸው መስሎኝ ነበር። አለቀስኩ። እሳቸው አብሽር፣ አብሽር እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ለልጆቹ ልንገርልህ፣ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይስ ይቅር አሉኝ። ይቅር ካልክ ይቅር፣ አስታርቄ እሄዳለሁ፣ ማንም አያስገድድህም አሉ።

ክፍሉ ገባንና በሩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት። ሽንቴን መያዝ አልችልም፣ ከበቅሎ ከወደቅሁ ጀምሮ ነው፣ ዳይፐር ነው የምለብሰው፣ እናንተን ንቄ አይደለም አልኩ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልነበረችኝም። ሳቅ ጠበቅሁ። እጄ ሳላስበው የሚወረውረው ነገር ይፈልግ ነበር።

ማንም አልሳቀም። ቀያሹ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ፣ እኔ አውቅ ነበር አለ። አንድ ጊዜ ከመናኸሪያ ካርቶኔን ሲያመጣልኝ ጎኑ ተቀዶ ኖሯል፤ ሰው እንዳያየው ኮቱን አልብሶ አምጥቶ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት በፕላስተር ለጥፎታል። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ይህን ተናግሮ ተነሳና የጆንያዬን ገመድ መፍታት ጀመረ። መካኒኩ፣ ያቺ አይጥ አንተ ነህ ማለት ነው ብሎኝ እጄን ያዘኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። በያጁ ተነስቶ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ግንባሩን አደረገ።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ አልኩት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

«ሼህ፣ ከኋላው መቆም ይሆንልናል?»

«እኔ እቆማለሁ» አሉ አባቴ። «እናንተ እንደፈቀዳችሁ።»

የመግሪብ አዛን ተሰማ። የውሃ ጆጌን ይዤ ወጣሁ፤ ታጠብኩ፣ ንጹሕ ጨርቅ አደረግሁ፣ ውዱእ አደረግሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልደበቅ ነው፤ የት ሄደ የሚለኝ የለም። ስመለስ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ የፊተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከኋላ አባቴ መሐል ቆመዋል፣ በያጁ በቀኛቸው፣ መካኒኩ በግራቸው፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ዳር ዳር። ቀያሹ በሩን ገጭ እንዳይል ቀስ አድርጎ ዘግቶ ከውጭ ተቀመጠ።

አላሁ አክበር ብዬ ተክቢራ አደረግሁ። የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሓን ስቀራ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሄደ፤ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሄደ። ከኋላዬ አሚን ተባለ። የበያጁን ሰማሁ፣ የመካኒኩን ሰማሁ፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ ግን የአባቴ ድምፅ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላቸው ቆሜ አሚን ያልኩላቸው ሰው ናቸው። ቀጥሎ የምቀራው የቁርአን ሱራ ጠፋኝ፤ አምስቱም ከኋላዬ ቆመው ጠበቁኝ።